ሲጢጥ የሚል ፕሮፔለር፦ የፕላስቲክ ሞዴል የትኛውን ቅባት ይችላል?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ የላከልኝን የዲሲ-3 አውሮፕላን የፕላስቲክ ሞዴል ገጣጥሜ ጨረስኩ። መጠኑ 1፡72 ነው። ፕሮፔለሮቹና ጎማዎቹ ይዞራሉ። ሳሎን ውስጥ፣ ወደ ጣና በሚያየው መስኮት ሥር አስቀምጬዋለሁ። የቀኙ ፕሮፔለር ሲጢጥ ሲልብኝ ደብልዩ ዲ 40 ነፋሁበት። ወዲያው ለሰለሰ። በሳምንቱ ግን ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ወጡ። የፓይለቶቹ መስኮትም ደበዘዘ። የግራውን ገና አልነካሁትም። ጓደኛዬ ‹ዘይት ፕላስቲክ አይጎዳም፤ ዘይት ራሱ የሚሸጠው በፕላስቲክ ጀሪካን አይደል?› ይለኛል። ቤት ውስጥ ያለኝ ቫዝሊን፣ የስፌት መኪና ዘይትና የኑግ ዘይት ነው። የቱን ልጠቀም? ሲሊኮን ይሻላል ሲባልም ሰምቻለሁ። ከየት ይገኛል?»

ሦስቱንም አይጠቀሙ። ቫዝሊኑም፣ የስፌት መኪና ዘይቱም፣ ኑጉም ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የማይሆኑበት ምክንያት ግን ይለያያል። ምክንያቱን ካወቁት ነገ ሌላ ሰው ሌላ ጠርሙስ ይዞ «ይኼስ?» ሲልዎት መልሱን ራስዎ ይደርሱበታል።

ከጓደኛዎ ልጀምር። ጀሪካኑ ፕላስቲክ ነው፣ ሞዴሉም ፕላስቲክ ነው። ግን «ፕላስቲክ» ማለት «እንጨት» እንደማለት ነው። ጥድም እንጨት ነው፣ ባሕር ዛፍም እንጨት ነው። ጥዱን ምስጥ አይደፍረውም፤ ባሕር ዛፉን ይጨርሰዋል። የዘይት ጀሪካን የሚሠራው ፖሊኢትሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። የውኃ ሃይላንድ ደግሞ ከሌላ ዓይነት ነው። ጀሪካኑን ገልብጠው ታቹን ቢያዩት ብዙ ጊዜ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ያገኛሉ። ሃይላንዱ ላይ 1 ቁጥር አለ። ሁለቱም ዘይት ይችላሉ። የአውሮፕላንዎ ሞዴል ግን የተሠራው ከፖሊስታይሪን ነው። የእሱ ቁጥር 6 ነው፤ ጠባዩም ሌላ ነው።

ፖሊስታይሪን ለሞዴል የተመረጠው በደንብ ስለሚቀረጽና ስለሚጣበቅ ነው። ክንፉን ከአካሉ ጋር ያያያዙበትን ቀጭን ማጣበቂያ ያስታውሱ። እሱ እንደ ሙጫ መሃል ገብቶ የሚይዝ አይደለም፤ ፕላስቲኩን የሚያሟሟ ፈሳሽ ነው። ሁለቱን ጠርዞች አሟሟቶ አንድ ያደርጋቸዋል፣ ከዚያ ተንኖ ይሄዳል። ለመሥራት ያመቸው ይኸው ጠባይ ነው እንግዲህ ከነዳጅ ዘር ከሆነ ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ ጠላት የሚሆንበት።

አሁን ወደ ስንጥቁ። ብዙ ሰው «ኬሚካሉ ፕላስቲኩን በላው» ይላል። በልቶት ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ሁሉ ለስልሶ፣ ቅርጹ ተበላሽቶ ያገኙት ነበር። እርስዎ ያዩት ግን ቀዳዳው ዙሪያ ብቻ ነው። ፕላስቲክን እንደ ጥጥ ባዘቶ ያስቡት፤ ረጃጅም ክሮች ተጠላልፈው እርስ በርስ ተያይዘዋል። ዘይቱ በክሮቹ መሃል ሰርጎ ይገባና መያያዣቸውን ያላላዋል። ምንም የማይጎትተው ቦታ ላይ ቢፈስ ለውጡ ላይታይ ይችላል። የተወጠረ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ክሮቹ ይንሸራተታሉ፣ ይለያያሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ዘንግ ጠበቅ ብሎ የገባበት ቀዳዳ ደግሞ ሁልጊዜ የተወጠረ ነው። ስንጥቁን ያመጣው የውጥረቱና የፈሳሹ መገናኘት ነው። በሳምንቱ የታየውም ፈሳሹ ቀስ እያለ ስለሚሰርግ ነው።

እኔ እንጀራዬ የፎቶ ኮፒና የፕሪንተር ጥገና ነው። ይህን ስንጥቅ በደንብ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት «ማሽኑ ጮኸ» ብለው የመኪና ግሪስ ቀብተውት ደረስኩ። ከፍቼ ሳየው የፕላስቲክ ጥርሶቹ ደህና ነበሩ። ጥርስ የሚሠራበት ፕላስቲክ ዘይት የሚችል ዓይነት ነው። ጥርሶቹን የያዘው ፍሬም ግን በእያንዳንዱ ብሎን ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ተሰንጥቆ ነበር። ብሎኑ የወጠረውን ግሪሱ ጨረሰው። እዚያው አንድ ማሽን ውስጥ፣ አንዱ ግሪስ አንዱን ፕላስቲክ ትቶ ሌላውን ገደለ። እርስዎ መስኮት ሥር የሆነውም ይኸው ነው።

ደብልዩ ዲ 40ን ብዙ ሰው እንደ ዘይት ያየዋል። የተሠራው በ1953 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ውኃን ከብረት ላይ ለማባረርና ዝገት ለመከላከል ነው። ስሙም ይህንኑ ይናገራል፤ ውኃ ማባረሪያ፣ 40ኛ ሙከራ። አብዛኛው ይዘቱ ከነዳጅ የወጣ፣ የሚተን ማሟሟያ ነው። ወደ ጠባብ ቦታ ዘልቆ የሚገባው በዚያ ነው። ማሟሟያው ሲተን ስስ ዘይት ይቀራል። ለተጨናነቀ ብሎንና ለዛገ ቁልፍ ግሩም ነገር ነው፤ እኔም ሱቄ ውስጥ አለኝ። አምራቹ ራሱ ግን ግልጽ ፖሊስታይሪን ላይ አትጠቀሙበት ይላል። የፓይለቶቹ መስኮት ግልጽ ፖሊስታይሪን ነው። ሞዴል ውስጥ ካለው ሁሉ ቶሎ የሚሰነጠቀውም እሱ ነው። ሲነፉ ብናኙ ደርሶት ነው የደበዘዘው።

ወደ ቤትዎ ዕቃዎች እንመለስ። በኑግ ዘይት ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ጋ አለ። አንደኛ፣ የምግብ ቅባትም የተወጠረ ፖሊስታይሪንን ይሰነጥቃል። የፍሪጅ የውስጥ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከዚሁ ዘር ነው፤ ቅቤና ዘይት ሲነካካው በማዕዘኖቹ በኩል የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ሁለተኛውና የባሰው ግን መድረቁ ነው። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ አይተው ከሆነ ነገሩን ያውቁታል። ምጣዱ በጎመን ዘር ደጋግሞ ይታሻል። ዘይቱ በሙቀት ይለወጥና ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የማይለቅ ሽፋን ይሆናል። እንጀራው የማይጣበቀው በዚያ ሽፋን ነው። ኑግም የሚደርቅ ዘይት ነው። እሳት ባይኖርም አየሩ ራሱ ቀስ አድርጎ ያደርቀዋል። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ጣትዎን ቢያሳርፉ ይዝ የሚያደርግዎት ነገር የዘይት ብናኝ ደርቆ ነው።

ማየት ከፈለጉ አንድ ጠብታ ኑግ የብርጭቆ ቁራጭ ላይ ይቀቡና ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ይተውት። መጀመሪያ ሲያዘነብሉት ይፈስሳል። ሳምንታት ሲያልፉ ማር ይመስላል፤ ይጎተታል እንጂ አይፈስም። ቆይቶ በጥፍር የሚነሳ ቆዳ ያወጣል። ይህን ፕሮፔለርዎ ዘንግ ውስጥ ያስቡት። መጀመሪያ ቀን ከሁሉም ቅባት በላይ ይለሰልሳል። ከወራት በኋላ ዘንጉን ከቀዳዳው ጋር ያጣብቀዋል። ያኔ ልጅ መጥቶ በጣቱ ሲያዞረው ዘንጉ ይቆረጣል። ሰሊጥም፣ ሱፍም፣ ቅቤም ከዚህ ምድብ አይወጡም። አንዳንዱ ቶሎ ይደርቃል፣ አንዳንዱ ይበላሻል፣ ያ ብቻ ነው ልዩነቱ።

የስፌት መኪና ዘይት አይደርቅም። ንጹሕና ቀጭን ነው፤ ለብረት ለብረት የተሠራ ነው። ችግሩ ከነዳጅ የወጣ መሆኑ ነው። እንደ ደብልዩ ዲ 40 አይቸኩልም፤ በሞዴል ላይ ቀብተው ለዓመት ምንም ያላዩ ሰዎችም አሉ። እኔ አንድ የሄሊኮፕተር ሞዴል ላይ ቀብቼ በ3 ሳምንት የላዩ ክንፍ ከነዘንጉ ተነቅሎ መደርደሪያው ላይ ወድቆ አገኘሁት። ልዩነቱ ቀዳዳው ምን ያህል እንደተወጠረ ነው፤ ያንን ደግሞ ዓይን አያየውም። ባሕር ዳር በየቤቱ የማይጠፋው የብስክሌት ሰንሰለት ዘይትም እንዲሁ ነው። ቫዝሊን የዚሁ ዘይት ወፍራም ወንድም ነው፤ በዝግታ ይጎዳል፣ አቧራም ይሰበስባል፣ የጎማ ክፍል ካለ ያሳብጠዋል። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝና አሴቶንማ ለማጽጃም ቢሆን ሞዴሉ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አይውጡ። የብርቱካን ልጣጭ ሲታጠፍ የሚረጨው ዘይት እንኳ ፖሊስታይሪንን ያሟሟል።

ከቅባቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ። ለምን ጮኸ? ሞዴል ላይ የሚሰማ ሲጢጥታ አብዛኛውን ጊዜ ቅባት ከማጣት አይመጣም። ፕሮፔለሩ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኢምንት ነገር ነው፤ ሸክም የለበትም። የሚጮኸው ቀዳዳው ውስጥ ቀለም ስለገባ፣ ወይም ማጣበቂያ ስለተረፈ፣ ወይም ከፋብሪካ ሲወጣ የቀረ የፕላስቲክ ጠርዝ ስላልተነሳ ነው። ቅባት እነዚህን ለጊዜው ይሸፍናቸዋል፤ አያነሳቸውም። ፕሮፔለሩ ይውጣ። ቀዳዳው ውስጥ ስቴኪኒ አስገብተው ሁለት ሦስት ጊዜ ያዙሩት። ጫፉ ላይ የቀለም ዱቄት ከወጣ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ዘንጉንም በጥፍርዎ ዙሪያውን ይዳስሱት፤ እንደ ስፌት መስመር የሚሰማ ነገር ካለ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ጠርዝ ነው። በጣም በላመ የብርጭቆ ወረቀት ሁለት ጊዜ ሳብ ማድረግ ይበቃዋል። እኔ ካየኋቸው ሞዴሎች ግማሽ ያህሉ እዚህ ላይ ድምፃቸውን አቁመዋል። ቅባትም አላስፈለጋቸው።

ከዚያ በኋላም የሚይዝ ከሆነ መልሱ ሲሊኮን ነው። የትኛው ሲሊኮን ግን? እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገብተው «ሲሊኮን ስጡኝ» ቢሉ የሚሰጥዎት አሉሚኒየም ሠራተኞች መስታወት የሚያሽጉበትን ትልቅ ቱቦ ነው። እሱ ማሸጊያ ነው። ሲጨመቅ እንደ ግሪስ ይለሰልሳል፤ ብዙው ዓይነት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ በማግስቱ ጎማ ይሆናል። ፕሮፔለር ላይ ከቀቡት ለዘላለም ቆመ። የሚፈልጉት የሲሊኮን ግሪስ ወይም የሲሊኮን ዘይት ነው። ይህ ከነዳጅ ዘር አይደለም። መሠረቱ ሲሊከንና ኦክስጅን ነው። ፖሊስታይሪን ውስጥ አይሰርግም፣ በአየር አይደርቅም፣ ሙቀትና ብርድም ብዙ አይለዋውጠው።

የት ይገኛል ላሉት፣ የሞዴል መሸጫ ፍለጋ አይድከሙ። ፕሪንተር ጠጋኞችን ይጠይቁ፤ ለፕላስቲክ ክፍሎች የሚሆን ነጭ ወይም ግልጽ የሲሊኮን ግሪስ የሚይዙ አሉ። ቧንቧ ሠራተኞች የውኃ መክፈቻ የጎማ ቀለበት የሚቀቡት ግልጽ ግሪስም ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ነው። ጂም የሚሠራ ሰው ካወቁ ደግሞ የትሬድሚሉ ምንጣፍ ሥር የሚቀባውን ዘይት በመርፌ አልባ ሲሪንጅ 1 ሚሊ ሊትር ይለምኑት፤ አብዛኛው ንጹሕ ሲሊኮን ነው። ለዕድሜ ልክ ይበቃዎታል። ወንድምዎ ሊልክልዎ ከፈለገ በሪሞት የሚነዳ የመኪና ሞዴል አሞርቲዘር ውስጥ የሚጨመረውን የሲሊኮን ዘይት ይበሉት። በሁሉም ላይ ጽሑፉን ያንብቡ። «100 ፐርሰንት ሲሊኮን» ካለ ይግዙ። ናፍታ፣ ሄፕቴን፣ ቶሉዊን፣ ዛይሊን ወይም የፔትሮሊየም ዲስቲሌት ከሚሉት ቃላት አንዱን ካዩ ይመልሱት። «ለፕላስቲክ አይጎዳም» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይመኑ። የትኛው ፕላስቲክ? የጀሪካኑ ወይስ የእርስዎ?

በጣሳ የሚነፋ የሲሊኮን ስፕሬይ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲሊኮኑ ደህና ቢሆንም የሚያወጣው ጋዝና የሚያቀጥነው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ከነዳጅ ነው። በቀጥታ ሞዴል ላይ አይነፋም። ሌላ ምርጫ ከሌለዎት ደጅ ወጥተው የብርጭቆ ሲኒ ውስጥ ይንፉት። ሙሉ ሌሊት ክፍት ይደር። ማሟሟያው ሄዶ ከታች የሚቀረውን ዘይት በስቴኪኒ ጫፍ ይጠቀሙ።

አሁንም በቃሌ አይሂዱ፤ ይፈትኑት። ሞዴሉ ሲመጣ ክፍሎቹ ተያይዘውበት የነበረው የፕላስቲክ ፍሬም አለ፤ ካልጣሉት ሀብት ነው። ከአውሮፕላኑ ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ይቁረጡ። ሁለቱንም ቀስ ብለው እንደ ቀስት ያጉብጡና ጫፎቻቸውን በክር ይሰሩ። እንዳይሰበሩ፤ ግን ውጥረቱ ይሰማዎት። በአንደኛው ጉብጠት ጀርባ ላይ ሊቀቡት ያሰቡትን ነገር ያድርጉ። ሁለተኛውን ደረቅ ይተውት። ለ3 ቀን ጥላ ውስጥ ያስቀምጧቸው። ከዚያ በመስኮት ብርሃን አግድም ይዘው የጉብጠቱን ጀርባ ይዩ። ደረቁ ደህና ሆኖ የተቀባው ላይ ነጫጭ ጭረቶች ከወጡ፣ ወይም ሲነኩት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ፣ ያ ቅባት ቤትዎ አይግባ። የስፌት መኪና ዘይትዎንም በዚህ ቢፈትኑት ደስ ይለኛል፤ እኔ ያልኩትን ከሚያምኑ ዓይንዎን ይመኑ።

ሲሊኮን ባይገኝስ? ደረቅ ነገር ይሻላል። ባለ 6ቢ ለስላሳ እርሳስ ዘንጉ ላይ ጥቁር እስኪሆን ይሹት፣ ትርፉን ያራግፉት። የእርሳሱ ጥቁር ግራፋይት ነው፤ ያንሸራትታል፣ ፕላስቲክ አይነካም። ጉዳቱ ማጥቆሩ ነው። ነጭ ሻማም ይሠራል፤ ዘንጉን ሻማው ላይ አሽከርክረው ያስገቡት። ንጹሕ ሰም ከማር ቤት ካገኙ እሱም እንደዚያው ነው፤ ትንሽ ይዝ የሚያደርግ ስለሆነ ስስ አድርገው ይቀቡት። የቴፍሎን ዱቄት ካገኙ ከሁሉም ደረቅ ቅባት በላይ ነው። ቴፍሎን መጥበሻችን ላይ ያለው ነው፤ በ1938 እ.ኤ.አ. ሮይ ፕላንኬት የተባለ ኬሚስት በአጋጣሚ ያገኘው። በስፕሬይ ሲሸጥ ግን ያው የማሟሟያው ነገር አለበት።

ደረቅ ቅባት ለባሕር ዳር አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በበጋ አቧራው የት ይደረሳል? ወደ ሐይቁ የተከፈተ መስኮት ሥር የተቀመጠ እርጥብ ቅባት አቧራውንም፣ ማታ መብራት ፍለጋ የሚመጣውን ትንኝም ይይዛል። ቅባትና አቧራ ሲቀላቀሉ ብርጭቆ ወረቀት ሆኑ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር ቀዳዳውን ያሰፉታል። ስለዚህ ግሪስ ከተጠቀሙ በመርፌ ጫፍ የሚነሳውን ያህል ብቻ፣ ለዚያውም ከውስጥ በኩል ይሁን። ከውጭ የሚታይ ቅባት ካለ በዝቷል።

ሲሊኮንም ነውር አለው። ቀለም አይወድም። ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ ቀለም ቢቀቡ ቀለሙ ይሸሻል፤ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይተዋል። ሳሙና እንኳ በአንዴ አያስለቅቀውም። ስለዚህ ቅባት የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ቀለሙ፣ ምልክቱ፣ ቫርኒሹ ሁሉ ደርቆ ካለቀ በኋላ። ሌላ ሞዴል እየቀቡ ባሉበት ክፍል የሲሊኮን ስፕሬይ አይንፉ። ወደፊት ፕሮፔለሮቹን በትንሽ የባትሪ ሞተር ለማዞር ካሰቡ ደግሞ ሲሊኮን ከሞተሩ ካርቦን ይራቅ፤ ብልጭታው ሲሊኮኑን ወደ አሸዋ መሰል ነገር ለውጦ ኤሌክትሪኩን ይዘጋል። ግራፋይትም እዚያ አይደርስም፤ እሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ሾርት ያደርጋል። የስፌት መኪና ዘይትዎ ቦታው እዚያ ነው፤ ሞተሩ ሞዴሉ ውስጥ ሳይገባ የብረት ዘንጉ ላይ በመርፌ ጫፍ ያስነኩና ጠርገው ያስገቡት።

የመኪና ሞዴል ለሚሠሩ አንባቢዎችም አንድ ቃል። ለስላሳ የቪኒል ጎማ ያለው ኪት ውስጥ ጎማው ራሱ ቅባት የሚመስል ማለስለሻ ያወጣል። ከዓመታት በኋላ የፖሊስታይሪኑን ቸርኬ ያቀልጠዋል። ይህን አይተው «የቀባሁት ነገር ነው» የሚሉ አሉ። ቸርኬውን አስቀድሞ ቀለም መቀባት ወይም በጎማውና በቸርኬው መሃል ስስ የአሉሚኒየም ፎይል ማስገባት ይረዳል።

እንግዲህ የቀኙ ሞተር። ስንጥቁ አይድንም፤ እንዳይቀጥል ማድረግ ግን ይቻላል። ፕሮፔለሩን ያውጡ። ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ ቦታውን ይጠቡ። ውኃው ለብ ያለ ብቻ ይሁን፤ ሙቅ ውኃ ቀጭን ፕላስቲክ ያጣምማል። ለ2 ቀን ይድረቅ። ከዚያ ዘንጉን መልሰው እዚያው ቀዳዳ ውስጥ አይጨምሩ፤ ውጥረቱን መልሰው አመጡት ማለት ነው። ቀዳዳውን ትንሽ ያስፉና የብረት ቱቦ ያስገቡበት። ፋርማሲ የሚሸጠው 21 ቁጥር፣ መያዣው አረንጓዴ የሆነው የመርፌ ዓይነት ውጪው 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ውስጡ 0.5 ያህል ነው፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። አዲስና ያልተነካ ይሁን። በሞረድ ዙሪያውን ጭረው በፒንሳ ይስበሩት፤ መነጽር ያድርጉ፣ ሹል ጫፉንም ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይጣሉት። ቱቦው ቀዳዳው ውስጥ ሳይገፋ፣ ልል ብሎ መግባት አለበት። በአንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ ከውጭ ያስይዙት። የፕሮፔለሩን የፕላስቲክ ዘንግ ቆርጠው በቱቦው ውስጥ ሳይጨናነቅ የሚዞር ቀጭን የብረት ሽቦ ይተኩበት። አሁን የሚዞረው ብረት በብረት ውስጥ ነው፤ ፕላስቲኩ ተሸካሚ ብቻ ሆነ። ሽቦው ላይ የመርፌ ጫፍ ያህል የሲሊኮን ግሪስ። ሸክም በሌለበት ለዚህ ይበቃል፤ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ እርጥበት ዝገትም ይከላከልለታል።

የደበዘዘው መስኮት ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብለው ቢያሹት ይጠራል። በጥፍርዎ የሚሰማ ስንጥቅ ካለ ግን ማሸቱ አያመጣለትም፤ ምትክ ክፍል ከአምራቹ ማስመጣት ነው መፍትሔው።

ሞዴሉን ከመስኮቱ ሥር ያንሱት። ፀሐይ ፖሊስታይሪንን ታቢጫለች፣ ታደርቃለች፤ ያላለቀው ስንጥቅም እዚያ ይቀጥላል። ጣናን እያየ እንዲቀመጥ ከፈለጉ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ያድርጉት። ይገባዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዚሁ አውሮፕላን ወንድም፣ በሲ-47 ነው።

ሥራውን ግን ከቀኙ አይጀምሩ። ያልነኩት የግራ ሞተር ይቅደም። ፕላስቲኩ ጤነኛ ስለሆነ ምናልባት ቱቦም አያስፈልገው። ፕሮፔለሩን ያውጡ፣ ስቴኪኒውን ያዙሩ፣ የቀለም ዱቄቱን እፍ ይበሉት፣ ደረቁን መልሰው ይሞክሩት። በእፍታ ብቻ ከዞረ ምንም አይቀቡት።